የግድግዳው አፈር

ጋሽ ብረቱ መድኃኒት ቤት መታየት አይወዱም። የግድ ሆኖባቸው ከገቡም አንገታቸውን ደፍተው ገብተው፣ አንገታቸውን ደፍተው ይወጣሉ። የዚያን ዕለት ረፋድም የሆድ ማለስለሻ ሽሮፕ በኮት ኪሳቸው ሸጉጠው ከበሩ ሲወጡ፣ ከምትገባ ሴት ጋር ከመላተም ለጥቂት ተረፉ። ይቅርታ ለመጠየቅ ቀና ቢሉ የወንድማቸው ልጅ ናት።

ልጅቱ አዋላጅ ነርስ ናት። አባቷ ገና በልጅነቷ ስለሞተ አሳድገው፣ አስተምረው ለወግ ለማዕረግ ያበቋት እኚሁ አጎቷ ናቸው። ለዓመታት ሩቅ ስትሠራ ቆይታ፣ በዚያ ሰሞን ወደ ሰፈሩ ጤና ጣቢያ ተዛውራ መምጣቷ ነበር።

«ጋሽ ብረቱ» የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሰፈርተኛው ነው። ሥራቸው የሞቱ የመኪና ባትሪዎችን ሰብሮ፣ በውስጣቸው ያለውን እርሳስ አቅልጦ፣ ባትሪውን እንደገና ማደስ ነው። በዚህ ሥራ ሲያረጁ አንድም ቀን ታመው ሲተኙ ያየ ስለሌለ፣ «ሰውዬው ብረት ነው እንጂ ሥጋ አይደለም» ተባለ፤ ስሙም በዚያው ጸና። እሳቸውም በስሙ ይኮሩበታል። ብረት የተባለ ሰው ሽሮፕ ገዝቶ ሲወጣ መታየቱ ታዲያ ደስ የሚያሰኝ ነገር አይደለም።

ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ ማን እንደ ታመመ ጠየቀቻቸው። ጋሽ ብረቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የሴት ሆድ ነገር በመንገድ ላይ ማውራት ለእሳቸው ዕድሜ ነውር ነው፤ ነገር ግን ጠያቂዋ አዋላጅ ስለሆነች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሯት። ምራታቸው ነፍሰ ጡር ናት። ሆዷ ደርቆ አስቸግሯታል፤ ቁርጠቱ ሲነሳባት እንደ ጎበጠች ትቀራለች። ከጤና ጣቢያ የተሰጣት የብረት ክኒን ነው ያደረቀኝ ብላ ክኒኑን ካቆመች ሰንብታለች፤ ድርቀቱ ግን አልተዋትም።

«ታዲያ ይሄን ሽሮፕ ማን አዘዘላት?» አለች።

«እኔ ነኛ። ስንት ዘመን የጠጣሁት ነው። እኔን ያልጎዳ እሷን ምን ያደርጋታል?»

አዋላጅዋ ይህን ልብ አለች። አጎቷ በየጊዜው ሆዳቸውን የሚቆርጣቸው መሆኑን እስከዚያች ሰዓት አታውቅም ነበር። ምራቲቱ ምግብ ትበላ እንደ ሆነ ስትጠይቃቸው፣ እህል እንዳስጠላትና አምሮቷ አንድ ነገር ብቻ እንደ ሆነ ነገሯት። ይህን ሲሉ ፊታቸው በራ።

«አፈር ነው ያማራት። ከደጅ አምጥቼ ብሰጣት አልቀምስም አለች። የሥራ ቤቱን ግድግዳ አፈር ግን፣ አባባ፣ ጣዕም አለው፣ ትለኛለች። ጠዋት ጠዋት በገዛ እጄ ፈርፍሬ በሳህን ነው የማቀርብላት።»

ለመድኃኒት የመጣችው አዋላጅ መድኃኒቱን ረሳችው። የአጎቷን ክንድ ይዛ፣ «እስቲ አብረን እንሂድ፤ እኔም ልጠይቃት» አለች። ጋሽ ብረቱ ዘመድ ናፈቃት ብለው ደስ አላቸው።

የጋሽ ብረቱ ግቢ ጠባብ ነው። ከፊት መኖሪያ ቤቱ አለ፤ ከኋላ፣ ከወጥ ቤቱ በጥቂት እርምጃ፣ በቆርቆሮ የተከደነው የሥራ ቤት ይገኛል። አንደኛው ወገኑ ጥላሸት የጠጣ አሮጌ የጭቃ ግድግዳ ነው። ከግድግዳው ሥር ምድጃውና ወናፉ፣ ከወናፉ አጠገብ የተፈለጡ የባትሪ ቅርፊቶች ክምር። ግድግዳውን ተከትሎ ደግሞ ምራቲቱ የተከለችው ጎመንና ሰላጣ ለምልሟል፤ ጤና ጣቢያ ቅጠላ ቅጠል ብይ ብለዋት ነበርና ምክሩን በትጋት ፈጽማለች። የባሏ ቱታ በገመድ ላይ ተሰጥቷል። ያጠበችበት ሳፋ ተደፍቶ ይታያል፤ ያው ሳፋ ጎመኑም የሚታጠብበት ነው። እሷ ራሷ መጥረጊያ ይዛ ደረቁን ግቢ እየጠረገች ነበር፤ አቧራው እስከ ወገቧ ይነሳል።

አዋላጅዋ ያየችው ይህን ሁሉ ነው። ጋሽ ብረቱ ግን ያዩት ንጹሕ ግቢና ትጉህ ምራት ነበር። ሁለት ሰው አንድ ነገር እያየ ሁለት ነገር ያያል፤ የትምህርትም ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ምራቲቱ ቁጥብ ናት፤ አማቷ ባሉበት ብዙ አትናገርም። እንግዳዋ የምራቲቱን ዓይን ገለጥ አድርጋ አየች፣ ጥፍሯንም አየች፤ ደም እንደ ሌላት ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም። ከዚያ ወደ አጎቷ ዞራ፣ ያንን አፈር ከዛሬ ጀምሮ እንዳይሰጧት ለመነቻቸው።

ጋሽ ብረቱ ፈገግ አሉ። ፈገግታቸው ሕፃን ለሚያጠፋው ጥፋት የሚሰጥ ዓይነት ነው። ነፍሰ ጡር ያማራትን መከልከል ከጥንት ጀምሮ ነውር መሆኑን፣ እናታቸውም እሳቸውን ስታረግዝ አፈር መብላቷን፣ ሰው ከአፈር ተፈጥሮ ከአፈር ቢመገብ ምንም እንደማይገርም በዝግታ አስረዷት። «ደግሞስ አፈር ማንን ገደለ? ሞተን ስንገባበት እንጂ ሕያዋንን ሲገድል አላየሁም» ብለው ሳቁ።

«አጎቴ፣ አምሮቱን አልናቅሁትም» አለች። «አምሮት ብዙ ጊዜ የሰውነት ደብዳቤ ነው፤ ደም ያነሳት ሴት አፈር ያምራታል። ግን ደብዳቤውን አንብበን መልስ እንሰጣለን እንጂ ወረቀቱን አንበላውም። የጎደላት ብረት ነው።»

«እኔ ብረቱ ቤቷ ቁጭ ብዬ ብረት ጎደላት ትያለሽ?»

በዚህ ሦስቱም ሳቁ። አዋላጅዋ ግን ሳቁ ሳያልቅ ነገሯን ቀጠለች። ማንኛውም አፈር የወስፋት እንቁላል ይዞ ሊመጣ ስለሚችል ለነፍሰ ጡር አይበጅም። የዚህ ግድግዳ አፈር ግን ከሁሉም የከፋ ነው። ምድጃው ሲነድ የኖረው ከሥሩ ነው፤ የእርሳሱ ጢስና አቧራ ዕድሜ ልኩን በግድግዳው ላይ ሲያርፍ፣ በጎመኑ ላይ ሲያርፍ፣ በቱታው ተጭኖ ወደ መኝታ ቤት ሲገባ ኖሯል።

የጋሽ ብረቱ ፈገግታ ጠፋ። ነገሩ ከአፈር ወደ ሥራቸው መሻገሩ ገብቷቸዋል።

«እርሳስ ነው እንግዲህ ጠላትሽ?» አሉ። «በእርሳስ ነው የተማርሽው፤ እርሳስ ጨብጠሽ ነው ፊደል የቆጠርሽው።»

«ለተማሪ የሚገዛው እርሳስ ስሙ ነው እንጂ ውስጡ እርሳስ የለበትም፤ ከሰል መሰል ነገር ነው። ይኸኛው ግን እውነተኛው ነው። በዚህ ሥራ ማደጌን አልክድም፤ የለበስኩትም የበላሁትም ከዚያ ምድጃ የወጣ ነው። ውለታዎን ብረሳ ኖሮ ዛሬ እዚህ ቁጭ ብዬ አላስቆጣዎትም ነበር።»

ሽማግሌው ከአቋማቸው አልተመለሱም። ዕድሜ ዘመናቸውን እርሳስ ሲያቀልጡ ኖረው ምን እንደ ሆኑ ጠየቋት። እጃቸውን ዘርግተው አሳዩ፤ ደረታቸውን መቱ። ይሄ ሥራ የሚገድል ቢሆን ኖሮ እሳቸው ገና ድሮ አፈር ሆነው ነበር። ልጃቸውም ከሳቸው ጋር እየሠራ ነው፤ እሱስ ምን ሆነ? ትምህርት መልካም ነው፤ ነገር ግን የተማረ ሰው ሁሉ መርዝ ካላገኘ እንቅልፍ አይወስደውም። ትናንት ስኳር ነው አሉ፤ ዛሬ ጨው ነው አሉ፤ ነገ ደግሞ ውሃ ነው ይላሉ።

አዋላጅዋ ተናግረው እስኪጨርሱ ጠበቀች። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ አንድ ጥያቄ ጠየቀቻቸው።

«አጎቴ፣ እርስዎ ሆድዎን ይቆርጥዎታል፤ ይደርቅብዎታል። እሷም እንዲሁ። ለሁለታችሁም አንድ ሽሮፕ ነው የሚገዛው። እርስዎና እሷ በሥጋ አትዛመዱም፤ እሷ በጋብቻ የመጣች የሰው ልጅ ናት። የሚያመሳስላችሁ ይህ ግቢ ብቻ ነው። አንድ ዓይነት ሕመም ከየት መጣላችሁ?»

ጋሽ ብረቱ ኮታቸውን ሰብሰብ አድርገው ሽሮፑ ያለበትን ኪስ ሸፈኑ። ሕመም እንዳለባቸው ለማንም ተናግረው አያውቁም። ቁርጠቱ ሲመጣባቸው ወደ ጓዳ ገብተው በሩን ዘግተው ነው የሚያሳልፉት፤ ለስማቸው፣ ለብረትነታቸው ሲሉ። አሁን ግን በምራታቸው ፊት ገመናቸው ተገለጠ። ተቆጡም፣ አፈሩም።

«እሺ፣ እርሳሱ አንጀት ላይ ምን ያደርጋል?» አሉ በመጨረሻ፣ ወደ ጎመኑ እያዩ። መጠየቃቸው ራሱ ግማሽ መንገድ ነበር።

ያን ጊዜ አዋላጅዋ በሰፊው ተረከችላቸው። የሰው አንጀት በር ጠባቂ ያለው ቤት ነው። የሚጠቅመውን ያስገባል፣ የማይጠቅመውን ወደ ውጭ ይሰዳል። እርሳስ ግን መልኩን ለውጦ የሚመጣ ሌባ ነው፤ በር ጠባቂው አጥንት ከሚሠራው ከካልሲየም፣ ደም ከሚሆነውም ከብረት መለየት ያቅተዋል። ያልተራበ በር ጠባቂ ብዙ አያስገባም። ነፍሰ ጡር ግን ለሁለት ነውና የምትመገበው፣ አንጀቷ በሩን ወለል አድርጎ ይከፍታል። ብረትና ካልሲየም የጎደላት፣ በባዶ ሆዷም የምትውል ከሆነች ደግሞ ሌባው እየተጎተተ ይገባል ማለት ነው። ከገባ በኋላ አንጀቱን ራሱን ያደክማል፤ ድርቀቱና ቁርጠቱ ከዚያ ይመጣል። ደሙን ያሳንሳል። በአጥንት ውስጥ ገብቶ ይተኛል፤ እናት ለልጇ አጥንት ከራሷ አጥንት ስታካፍል እሱም አብሮ ይቀሰቀሳል።

«እንግዴ ልጁ ያግደዋል ይባል የለም እንዴ?» ያለችው ምራቲቱ ነበረች። ድምፅዋ የተሰማው ያን ጊዜ ነው።

«ብዙ ነገር ያግዳል፤ እርሳስን ግን አያግድም፣ እህቴ። ያልፋል። የሕፃንም አእምሮ ገና የሚሠራበት ጊዜ ነው።»

ከዚህ ሌላ በአንጀት ውስጥ በዓይን የማይታዩ እልፍ ደቂቅ ፍጥረታት እንደሚኖሩ፣ ምግብ በመፍጨትና አንጀትን በመጠበቅ እንደሚያገለግሉን፣ ሕፃንም ሲወለድ የመጀመሪያዎቹን ከእናቱ እንደሚወርስ ነገረቻቸው። የብረታ ብረት መርዝ እነዚህንም ሳይበጠብጥ እንደማይቀር ሊቃውንት እያጠኑ ነው፤ ገና ያልጨረሱትን ጨርሰውታል ብላ ልትዋሽላቸው እንደማትፈልግም ጨመረች። ጋሽ ብረቱ ይህን ልብ አሉ። አላውቅም የሚል የተማረ ሰው ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ከተናገረችው ሁሉ ይልቅ ይህ አባበላቸው።

ይሁን እንጂ ልብ እንደ ጆሮ ቶሎ አይከፈትም። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚለውን ተረት እሳቸው ራሳቸው ለልጆች ሲነግሩ ኖረዋል፤ እየሳቁ የሚወሰዱት እሳቸው ይሆናሉ ብለው ግን አስበውት አያውቁም። ከወንበራቸው ተነሥተው፣ «እንግዲህ ምራቴ ትፍረድ። ልጄ፣ አፈሩን ወደሽዋል ወይስ አልወደድሽውም? እውነቱን ተናገሪ» አሏት።

ምራቲቱ እጆቿን በሆዷ ላይ አስቀምጣ መሬት መሬት እያየች ጀመረች። ከዚህ በፊት አንድ ፅንስ ወርዶባታል። በዚያ ጊዜም ከዚያው ግድግዳ ትበላ እንደነበር፣ ያኔ ግን ተደብቃ እንደነበር ተናገረች። ከዚያ በኋላ ቀና ብላ፣

«የዘንድሮውን እንኳ ልተወው ፈልጌ ነበር፣ አባባ» አለች። «ጥርሴ ሥር ሲንኮሻኮሽ ይጨንቀኛል። ግን እርስዎ በዚህ ዕድሜዎ፣ በማለዳ ተነሥተው፣ ፈርፍረው፣ በሳህን አድርገው ሲያመጡልኝ እምቢ ማለት አፈርኩ። አንዳንድ ቀን የምበላው እንዳይከፋዎ ብዬ ነው።»

ጋሽ ብረቱ ያን የጠዋት ሳህን አሰቡ። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ለዚች ልጅ እንደ እናትም እንደ አባትም ልሁን ብለው የያዙት አንድ ነገር ይህ ነበር። በቀስታ ተቀመጡና፣ የበፊቱ ፅንስ የወረደው በዚህ የተነሣ እንደ ሆነ አዋላጅዋን ጠየቋት።

«ያንን ማንም ሊምልልዎ አይችልም፤ ፅንስ በብዙ ምክንያት ይወርዳል። ያለፈውን እናቆየው። የአሁኑን ግን በደም ምርመራ ማወቅ እንችላለን። እኔን አይመኑ፤ ደሙን ይመኑ።»

«እንግዲያው የእኔንም ይቅዱ» አሉ።

በማግስቱ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሄዱ። ጋሽ ብረቱ እጅጌያቸውን ሰብስበው ቀድመው ተቀመጡ፤ ምራታቸው መርፌውን እንዳትፈራ ነው። ደሙ ወደ ሌላ ላቦራቶሪ ተልኮ ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ፣ ምራቲቱ በአዋላጅዋ ቤት እንድትሰነብት ተስማሙ። በነዚያ ቀናት ሽማግሌው ወደ ሥራ ቤቱ ገብተው እሳት አላነደዱም። ልጃቸው ምክንያቱን ሲጠይቅ፣ ከሰሉ አልቋል ይሉት ነበር፤ ከሰሉ ግን በጆንያ ሙሉ ተቀምጧል።

ውጤቱን የነገራቸው ሐኪም ወጣት ነው። በምራቲቱ ደም ያለው እርሳስ ለነፍሰ ጡር ከሚያሰጋው መጠን በላይ ሆኖ ተገኘ። የእሳቸውን ሲያነብ ግን ወረቀቱን ዝቅ አድርጎ ደጋግሞ አያቸው፤ ከዚያ እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው አንጓቸውን ወደ ላይ ቀና እንዲያደርጉ ጠየቃቸው። ግራው ቀና አለ፤ ቀኙ ግን ጥቂት ከፍ ብሎ ተመልሶ ወደቀ። መዶሻ ከእጃቸው ማምለጥ ከጀመረ ቆይቷል፤ እርጅና ነው ብለው አልፈውት ነበር። ሐኪሙ ለሳቸው ሕክምና እንደሚጀምር፣ ለምራታቸው ግን ዋናው መድኃኒት ከእርሳሱ መራቅ እንደ ሆነ ነገራቸው። እየኖረችበት ሳለ የሚሰጥ ክኒን፣ ከተሸነቆረ ጀልባ ውሃ እየጨለፉ እንደ ማውጣት ነው።

ጋሽ ብረቱ ስለ ራሳቸው አንድም ነገር አልጠየቁም። ከሆስፒታሉ ሲወጡ በደረጃው ላይ ቆም ብለው ለአዋላጅዋ፣ «እኔ የታመምኩት ሠርቼ በበላሁበት ነው፤ ይገባኛል። ያ ያልተወለደው ግን ምን በላ?» አሏት።

እቤት እንደ ደረሱ ኮታቸውን አውልቀው ዶማ አነሡ። ግድግዳውን ዛሬውኑ አፈርሰዋለሁ ብለው ተነሡ። ያቆመቻቸው አዋላጅዋ ናት። «አጎቴ፣ ንዴትዎ አቧራ ያስነሣል» አለቻቸው። «ይህ አፈር በቁጣ አይፈርስም። በውሃ እየራሰ፣ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ፣ በከረጢት ታስሮ ነው የሚወጣው። የት እንደሚጣልም ማዘጋጃ ቤቱ ይጠየቅ፤ ከእኛ ግቢ ወጥቶ ጎረቤት ደጅ ቢደፋ ምን ሠራን?» ሽማግሌው ዶማውን አስቀመጡ። ችኩል ሰው ዘግይቶ ሲነቃ፣ ያዘገየውን ሁሉ በአንድ ቀን ሊክስ ይፈልጋል፤ መልካም ሥራ ግን ከቁጣ ይልቅ ጽናትን ይጠይቃል።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ልጃቸው መጣ። አባቱ ማቅለጥ ማቆማቸውን ሲነግሩት መጀመሪያ ቀልድ መሰለው፤ ቀጥሎ ተቆጣ። ሚስቱ ወደ ዘመድ ቤት ሄዳ ልትወልድ ትችላለች፤ አፈሩንም ትታለች፤ ታዲያ ሥራው ለምን ይቆማል? ይህ ሥራ ከቆመ ምን ሊበሉ ነው? አዋላጅዋ ልትመልስ ስትል ጋሽ ብረቱ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟት። ይህን መመለስ የእሳቸው ድርሻ ነበር።

«የተወለደው ልጅ ተመልሶ የሚገባው ወዴት ነው?» አሉት። «በዚህ ግቢ ነው የሚድኸው። የሕፃን እጅ ደግሞ ከመሬት ወደ አፍ ነው። አንተስ በዚህ ቱታ አቅፈህ ልትስመው ነው? እኔ አርጅቼ ነው መዶሻ ከእጄ የወደቀው፤ ያ ልጅ ግን መዶሻ ከመያዙ በፊት እንዲወድቅበት አልፈልግም። ሥራ ተው አላልኩህም፤ እሳቱን ተው ነው ያልኩህ። ባትሪ መመርመር፣ ኃይል መሙላት፣ መሸጥ እናውቅበታለን። የሞተውን ሳንሰብር እንዳለ ሰብስበን ጭስ ማጣሪያ ላለው ፋብሪካ እንሰጣለን። ከሰው ቤት ራቅ ያለ ሱቅ እንከራያለን።»

«የምናገኘው ይቀንሳላ።»

«ይቀንሳል። ይቀንስ።»

ልጁ ተነሣ። በገመድ ላይ የተሰጣውን ቱታ አወረደና ከግቢው በር ውጭ አስቀመጠው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ አድካሚ ሥራ ነበር እንጂ ለወሬ የሚመች አይደለም። ምድጃው ተነሣ፤ ከመኖሪያ ቤቶች ራቅ ያለ ሱቅ ተከራዩ። የግድግዳው አፈር በውሃ እየራሰ ወጣ። የጎመኑ መደብ ከነአፈሩ ተጠርጎ፣ ግቢው በሲሚንቶ ተሸፈነ፤ አዲስ ጎመን ከሌላ ቦታ በመጣ ንጹሕ አፈር በገንዳ ተተከለ። ቤቱ በደረቁ መጠረጉ ቀርቶ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ጀመረ። አባትና ልጅ ከሥራ ሲወጡ እዚያው ሱቁ ጋ ልብሳቸውን ቀይረው፣ ጫማቸውን አራግፈው፣ እስከ ክርናቸው ታጥበው ነበር የሚነሡት።

አዋላጅዋ ለምራቲቱ ያዘዘችው ምግብ እንግዳ ነገር አልነበረም። ምስር፣ ባቄላ፣ እንቁላል፣ ወተትና እርጎ፣ በንጹሕ ውሃ የታጠበ ቅጠላ ቅጠል፣ ለብረት ክኒኑ አጋዥ እንዲሆን ብርቱካን። ክኒኑንም ከወተት ጋር ሳይሆን ለብቻው፣ ምግብ ከቀመሰች በኋላ እንድትወስድ፣ ውሃ በብዛት እንድትጠጣ፣ በባዶ ሆድ እንዳትውል መከረቻት። አፈሩን መተው ቀላል አልሆነላትም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዝናብ ዘንቦ የመሬት ሽታ ሲነሣ እንባ እስኪመጣት ያምራት ነበር፤ የደረቀ ዳቦ እያኘከች ታሳልፈዋለች። ደሟ እየሞላ ሲሄድ አምሮቱ በራሱ ጊዜ ጠፋ። አንድ ቀን እንኳን ተሰናበትኩሽ ሳይለኝ ሄደ ብላ ትስቃለች።

ድርቀቱም ቁርጠቱም ተዋት። ዳግመኛ ሲመረመር በደሟ ያለው እርሳስ ቀንሶ ተገኘ፤ ጨርሶ አልጠፋም፣ አጥንት የቋጠረውን ቶሎ አይለቅምና። ቀኗ ሲደርስ በዚያው በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ሴት ልጅ ተገላገለች። ያዋለደቻት አክስት ልትባል የበቃችው አዋላጅ ናት። ሕፃኗ ጥቂት ቀጠን ያለች ብትሆንም ጩኸቷ ግቢው ሁሉ የሚሰማው ነበር፤ ጋሽ ብረቱ፣ «ይቺማ ወናፍ ናት» አሉ። የሕፃኗ ደም እየተመረመረ እንዲቆይ ሐኪሙ ያዘዘውን ቀጠሮ አንድም አላሳለፉም።

ጋሽ ብረቱ በዚህ አላበቁም። ከሰፈሩ ዝቅ ብሎ ባትሪ የሚያቀልጡ ሰዎች በተርታ የሚሠሩበት ጠባብ መንገድ አለ፤ ሁሉም እንደ እሳቸው ከምድጃቸው ጀርባ ሚስትና ልጅ ያላቸው ናቸው። ሽማግሌው አዋላጅዋን ይዘው ከቤት ወደ ቤት ዞሩ። እሷ ለሴቶቹ ትነግራለች፤ እሳቸው ለወንዶቹ። ብዙዎቹ ሳቁባቸው። ምድጃቸውን የዘጉት አርጅተው ስለ ደከሙ ነው ያሉም ነበሩ። እሳቸው አልተቆጡም፤ እነዚህ ሰዎች የሚሉትን ሁሉ እሳቸው በራሳቸው በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ብለውታል።

ከመካከላቸው በዕድሜ የሚበልጡት አንድ አቅላጭ ሥራቸውን ሳያቆሙ ሲያዳምጡ ቆይተው፣ «አንተ እኮ ብረቱ ነህ፤ አንተ እንዲህ ካልክ እኛ ምን እንበል?» አሉ።

«ብረት የተባልኩት ሕመሜን ስለ ደበቅሁ ነው» አሉ ጋሽ ብረቱ። «ሰው ነኝ። እርሳሱ እኔን ሲበላኝ ዝም አልኩ፤ ወደ ልጄ ሚስት አንጀት ገብቶ ሕፃን ሲፈልግ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ እኔ ግማሹ ከተቃጠለ በኋላ ነው የደረስኩት። እናንተ ግን ገና ጊዜ አላችሁ። ሚስቶቻችሁንና ልጆቻችሁን አስመርምሩ። በውጤቱ ከዋሸሁ መጥታችሁ ስደቡኝ።»

ሽማግሌው አቅላጭ ወደ ቤታቸው ዞር አሉ። ከቤታቸው ውስጥ የሴት ልጃቸው ሳል ይሰማ ነበር፤ እርጉዝ መሆኗን መንገዱ ሁሉ ያውቃል። ከዚያ ጎንበስ ብለው ወናፉን ከምድጃው አፍ ነቀሉና፣ ያ የተከራያችሁት ሱቅ ጎን ባዶ ቦታ ይኖር እንደ ሆነ ጠየቁ።

ዛሬ በዚያ መንገድ ይጨሱ ከነበሩት ምድጃዎች የሚበልጡት ጠፍተዋል፤ ሰዎቹ በጋራ ከተከራዩት ስፍራ እየሠሩ የሞቱትን ባትሪዎች እንዳሉ ለፋብሪካ ያስረክባሉ። ገቢያቸው እንደ ቀድሞው ባይሆንም ሕክምና ይወስደው የነበረው ቀርቶላቸዋል። ሴቶቹ በሆድ ቁርጠት መጎበጣቸውን ትተዋል፤ ነፍሰ ጡሮቹ አፈር ሲያምራቸው ከግድግዳ ሳይሆን ከጤና ጣቢያ መልስ ይፈልጋሉ። ወግን ማክበር መልካም ነው፤ ከወግ ሁሉ የሚበልጠው ወግ ግን ገና ላልተወለደው መጠንቀቅ ነው። እሱ ራሱ መጥቶ አይከራከርም፣ አይለምንም፤ እናቱ የምትቀምሰውን ሁሉ ግን ይቀምሳል።